አባት ያልደረሱበት ሆቴል

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ጡረታ በወጡ አንድ የታሪክ መምህር ቤት ውስጥ ያረጀ የእንጨት ሳጥን ይገኛል። በክዳኑ ላይ የአንድ ናይሮቢ ሆቴል የወረቀት ምልክት እንደተለጠፈ ቀርቷል። ሳጥኑ የአንድ እንግሊዛዊ ሹም ነበር። የመምህሩ አባት የሹሙ ምግብ አብሳይ ሆነው ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። አባትም ስለ ሆቴሉ ከጌታቸው የሰሙትን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት ኖሩ፤ ስለ ሰፊው በረንዳ፣ ስለ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ፣ በብር ማንቆርቆሪያ ስለሚቀዳው ሻይ።

እርሳቸው ግን ሆቴሉን በዓይናቸው አላዩትም። በቅኝ ግዛት ዘመን የሰሜን ጠረፍ አውራጃ ዝግ አገር ስለነበረ ነዋሪው ያለ ይለፍ ወረቀት ወደ ደቡብ መውረድ አይፈቀድለትም ነበር። ይለፉ ቢገኝም እንኳ፣ ለነጮች በተሠሩት ሆቴሎች ጥቁር ሰው አሳላፊ እንጂ እንግዳ ሆኖ አይገባም ነበር።

መምህሩ ጡረታ እንደወጡ ገንዘብ አጠራቅመው ለጉዞ ተነሡ። ቀድሞ በጭነት መኪና ላይ ቀናት ይፈጅ የነበረው መንገድ፣ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በ2010ዎቹ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ አጥሯል። በአውቶቡስ ማርሳቢትን በጨለማ አልፈው፣ ሲነጋ ናይሮቢ ገቡ።

በሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቃቸው፤ አሳዩት። እንግዳ ተቀባይዋም ደግማ ጠየቀቻቸው። የትውልድ ቦታቸውን አንብባ «ከሞያሌ?» አለችና ሌላ ማስረጃ እንዲጨምሩ ፈለገች። ከኋላቸው የቆሙት ሁለት ነጮች ስማቸውን ብቻ ተናግረው ቁልፋቸውን ተቀበሉ። መምህሩ አባታቸው ያወሩላቸው የነበረው የይለፍ ወረቀት ትዝ አላቸው።

የተሰጣቸው ክፍል ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነበር። የገላ መታጠቢያው ውኃ ለብ ከማለት አላለፈም፤ ሻዩም ክር ባለው የወረቀት ከረጢት ቀረበላቸው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አለፉት። ያልተዋጠላቸው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶግራፎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለአደን የመጡት ቴዎዶር ሩዝቬልት አሉ፤ የተገደሉ አንበሶች አሉ፤ ሰሃን ይዘው ከኋላ የቆሙ ጥቁር አሳላፊዎችም አሉ። በሥሩ ስማቸው የተጻፈላቸው ግን የተቀመጡት ብቻ ናቸው።

ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ በማግሥቱ በእግራቸው እስከ ሃሪ ቱኩ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1904 በገና ዕለት የተከፈተው ኖርፎክ ሆቴል የሚገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1922 ሃሪ ቱኩ ከእስር እንዲፈታ ለመጠየቅ በአቅራቢያው ባለው ፖሊስ ጣቢያ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። በበረንዳው ላይ የነበሩ ሰፋሪዎችም አብረው እንደተኮሱ ይነገራል። መንግሥት ሟቾቹን 21 ብሎ መዘገበ፤ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሕዝቡን ያደፋፈረችው ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩም ከሟቾቹ አንዷ ነበረች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንዲሉ፣ በዚያን ቀን እስረኛ የነበረው ሰው ስም ዛሬ በመንገዱ ታፔላ ላይ ተጽፏል። መምህሩ ከታፔላው ሥር ብዙ ቆዩ።

ሞያሌ ሲመለሱ የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ ሆቴሉ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ ሲያወሩት ይበልጥ ያምር ነበር» አሏት። ከዚያም ብዕር አንሥተው፣ በሳጥኑ ክዳን ላይ ከሆቴሉ ምልክት አጠገብ የአባታቸውን ስም ጻፉ።