ከኮርቻ ላይ የተማርኩት



በየዓመቱ የካቲት ሲደርስ ስለ አድዋ ስንማማር፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» በሚል የፈረስ ስም ይጠሩ እንደነበር እነግራችኋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «እርስዎስ ፈረስ ይጋልባሉ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ፣ እዚሁ ናይሮቢ ካረን ሰፈር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግልቢያ መማር ጀመርኩ። እንደ ልማዴ የእርካቡን፣ የዛቡንና የአቀማመጡን ሕግ አስቀድሜ አንብቤ በደብተር ጻፍኩ። አንድም ላልሳሳት ቆርጬ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። ጀርባዬን ገትሬ ዛቡን ጨምድጄ ያዝኩና በእግሬ «ሂድ» አልኩት። ፈረሱ ንቅንቅ አላለም።

«ፖሌ ፖሌ» አለችኝ አሠልጣኜ። «በእግርዎ ሂድ ይሉታል፤ በእጅዎ ደግሞ ቁም። የትኛውን ይስማ?»

ፈረስ ዝንብ ስታርፍበት እንኳ ይሰማዋል፤ የእኔ ጭንቀት እንዴት አይሰማው? በአራተኛው ቅዳሜ ትንፋሼን ለቅቄ፣ ዛቡን አላልቼ፣ ዓይኔን ከእጄ ላይ አንስቼ ወደፊት አየሁ። ሄደ። ሶምሶማ ሲጀምር እንደ ኳስ ቢያነጥረኝም ሄደ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ተማሪ ድርሰቷን ሳታስረክብ ቀረች። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ደብተሯን ስከፍት ገጹ በላጲስ ብዛት ተቀዷል። ምክንያቱን ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ሀ እና ሐ ይምታቱብኛል፤ እርስዎ ደግሞ በቀይ ይከቡታል» አለችኝ።

«ጻፉ» እያልኩ ዛቡን ጨምድጄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም። ፊደላችንን ችላ አላልንም፤ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ አብረን እናርማለን። ልጅቷ ድርሰቷን አምጥታለች። ሰባት የፊደል ስህተት ነበረው። አያቷ በስልክ ተረት ሲነግሯት መስመሩ እየተቆረጠ፣ መጨረሻውን ራሷ እንደምትፈጥረው ጽፋለች። ስህተት ብፈልግ ኖሮ ይህን አላነብም ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ደብተር ስትከፍቱ መጀመሪያ የጻፉትን አንብቡላቸው፤ እርማቱ ይደርሳል።

ለዚያ ጠያቂ ተማሪዬም መልስ አለኝ፦ አዎ፣ እጋልባለሁ። ገና በደንብ አይደለም። ቅዳሜ ግን እመለሳለሁ።