ደብዳቤ ከባሮ ኮሎራዶ ደሴት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ትናንት ከጋምቦዋ በጀልባ ተነስቼ ፓናማ ውስጥ ወዳለችው ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ገባሁ። ድሮ የኮረብታ አናት ነበረች፤ ለፓናማው የመርከብ ቦይ ሲባል የቻግረስ ወንዝ ሲገደብ ዙሪያዋን ውሃ ከበባት። ደኗ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምርምር ተከልሏል።

ዛሬ ተመራማሪዎቹ ያሳዩኝን ልንገርዎት። አንድ ደህና የደረሰ፣ ነጥብ እንኳ የሌለበት ቅጠል አመጡ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሞት በአልኮልና በበረኪና ነከሩት። ከዚያ እንደ ጤፍ ፍሬ አድቅቀው ቆራርጠው፣ ፈንገስ የሚመገበው ነገር በተዘጋጀበት ክብ ሳህን ላይ ደረደሩት። ቀደም ብሎ የተሰናዳውን ሌላ ሳህን ሲከፍቱልኝ ከየቁራጩ ጠርዝ ነጭ፣ ግራጫና ጠቆር ያለ አረንጓዴ የፈንገስ ክር ወጥቶ ተንሰራፍቷል። ላዩ በበረኪና ስለጸዳ፣ የወጣው ከቅጠሉ ከራሱ ውስጥ ነው!

ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ንጹሕ ነው አሉኝ። የፈንገሶቹ ዘር በነፋስና በዝናብ እየመጣ ያርፍበታል፣ ሰርስሮ ይገባል፤ ቅጠሉ ሲያረጅ ይሞላል። ኤሊዛቤት አርኖልድ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከሁለት ዓይነት ዛፍ 83 ቅጠል ብቻ መርምረው 418 በመልክ የሚለያዩ ፈንገሶች አግኝተዋል፤ ጥናቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ፈንገስ ያልገባበት አንድም ቅጠል አልተገኘም። ይህን ስሰማ ጫካውን እንደገና ቀና ብዬ አየሁት።

እኛ ቤት ፈንገስ ሲባል የቡናው ዋግ ነው፤ እርስዎን ስንት ዓመት እንዳደከመዎት አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን በተለይ ለእርስዎ ጻፍኩት፦ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት፣ አርኖልድና ባልደረቦቿ ከጤነኛ የካካዎ ቅጠል የተገኙ ፈንገሶችን በችግኝ ቅጠሎች ላይ አሳደሩ። ቀጥሎ ፋይቶፍቶራ የሚባለውን ብርቱ የካካዎ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ለቀቁባቸው። ፈንገሶቹ የገቡበት ቅጠል ጉዳቱ ቀነሰለት፤ ከለጋው ይልቅ የበሰለው የበለጠ ተጠበቀ። ጥበቃው በአብዛኛው እነሱ ባሉበት ቅጠል ይወሰናል፤ ዛፉን ሁሉ አያዳርስም። ሁሉም ደግ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ዛፉ ሲዳከም የሚከፉም አሉ።

እስቲ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይንገሩኝ፤ የእኛ ቡና ላይ ዋጉ የሚበረታው ከዋንዛው ጥላ ሥር ነው ወይስ ገላጣው ላይ? ለጋውን ነው ወይስ አሮጌውን ቅጠል ቀድሞ የሚይዘው? እዚህ ያሉት ሰዎች ጠይቀውኝ መመለስ አቃተኝ፤ ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ለእማማና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ