ከራቤል ደጋ እስከ ባሕር ጥልቅ፤ ድምፅን ስለ መመዝገብ

አንባቢ ሆይ፤ አገር ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ነው፤ አገር ለመስማት የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ስለምትገኘው ስለ ግሼ ራቤል ስንጽፍ፥ ዓይን ካየው ይልቅ ጆሮ የሰማውን ልናስቀድም ወደድን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር የደረሰ ሰው፥ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ታላቁን መንገድ ትቶ ወደ መንዝ ይታጠፋል። ሞላሌንና መሐል ሜዳን አልፎም ወደ ሰሜን በዘለቀ ጊዜ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ራቤልን ያገኛል። አገሩ ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብስ ይበቅልበታል፥ በግ ይረባበታል። ሰዉም ከበጉ ጠጕር የተሠራውን ባና ለብሶ ነፋሱን ይችላል።

በክረምት ማለዳ በመንዝ ደጋ ጉም ሲወርድ፥ ሰው የቆመበትን የገደል አፍ እንኳ ለይቶ አያውቀውም። ዓይን በዚያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ጆሮ ግን አይቦዝንም። ሌሊቱን በገደል ያደሩት ጭላዳዎች ወደ ሜዳው ሲወጡ፥ እናትና ልጅ ሲጠራሩ፥ አውራውም ሴቶቹን ሲያባብል ይሰማል። ዕድሜውን በዚያ የኖረ እረኛ ጉሙ ሳይገለጥ መንጋው ከየት ወጥቶ ወዴት እንደ ሄደ፥ አውሬም አስደንግጦት እንደ ሆነ በድምፁ ለይቶ ይናገራል።

ይህ የእረኛ ዕውቀት ዛሬ በዓለም ላይ ታላቅ ትምህርት ሆኗል። ትምህርቱም እጅግ የሰፋው በደጋ ሳይሆን በባሕር ነው፤ ባሕር ጉሙ የማይገለጥ አገር ነውና።

ከመንዝና ከግሼ ደጋ የሚወርደው ውኃ ለሁለት ይከፈላል። በምዕራብ በኩል የሚሄደው ከጀማ ጋር ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ግን ከአዋሽ ጋር ሆኖ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ የግሼ ሕፃን ባሕርን ባያየው እንኳ፥ ከደጁ የሚነሣው ምንጭ ያየዋል። እኛም ምንጩን ተከትለን ወደ ባሕር እንውረድ።

የፀሐይ ብርሃን በባሕር ውስጥ ጥቂት እንደ ወረደ ይደክማል፤ ድምፅ ግን በውኃ ውስጥ ከነፋስ ይልቅ ይፈጥናል። ይህንንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1826 ዓ.ም. ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በጄኔቫ ሐይቅ ላይ መረመሩት። አንዱ በውኃ ውስጥ ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ያበራል፤ ሁለተኛው ከሩቅ ሆኖ ብርሃኑን እያየ፥ ጫፉ በውኃ በተነከረ ረጅም መለከት ደወሉ እስኪሰማ ይቈጥራል። ባገኙትም ልክ ድምፅ በአንድ ሰከንድ 1,435 ሜትር ይሄድ ነበር፤ ይህም በነፋስ ውስጥ ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምናነሣው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከዚያ ወዲያ በውኃ ውስጥ የሚሰማ የኤሌክትሪክ ጆሮ ተሠራ፤ ስሙም ሃይድሮፎን ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ ለማድመጥ ያገለግል ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ አድማጮቹ በባሕር ዳርቻ ጭራሮ በእሳት ሲንጣጣ የሚመስል የማያቋርጥ ጩኸት አስቸገራቸው። ነገሩ ሲመረመር የጠላት ተንኰል ሳይሆን፥ ሽሪምፕ የሚባለው የሸርጣን ዘመድ ጥፍሩን በኃይል እየገጠመ የሚያሰማው ድምፅ ሆኖ ተገኘ። ፍጥረቱ ጣት የምታህል ናት፤ ነገር ግን ብዙ ሆና የጦር መርከብን ጆሮ ደፈነች። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዝምተኛ ያሉት ባሕር የጫጫታ አገር መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በ1949 ዓ.ም. ሼቪልና ላውረንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ አገር በሳግኔ ወንዝ የነጩን ዓሣ አንበሪ ድምፅ ከውኃው ውስጥ ቀረጹ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ፥ ጀርባው ጐባጣ የሆነው ዓሣ አንበሪ በሥርዓት የተደረደረና ተመልሶ የሚደገም ዜማ እንዳለው ጽፈው አስረዱ። ድምፁ ከአንድ ዓመት በፊት በሸክላ ታትሞ በየቤቱ ተሰምቶ ነበርና፥ ብዙ ሰው ይህን ፍጥረት ዘይቱን ብቻ አስቦ ማደኑን ተጠየፈው። በ1982 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የዓሣ አንበሪ ጉባኤ ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ፤ ውሳኔውም በ1986 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ጠበቃ ያልነበረው ፍጥረት በገዛ ድምፁ ተሟገተ ማለት ነው።

ማዳመጥ የተሰወረ በደልንም ይገልጣል። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ወር በአሜሪካ አደጋ በደረሰ ጊዜ፥ በካናዳ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የመርከብ ምልልስ ለጥቂት ቀን ቀነሰ፥ የባሕሩም ጩኸት ዝቅ አለ። በዚያው ወራት ከዓሣ አንበሪዎች ፋንድያ የተመረመረው፥ ጭንቀትን የሚያመለክተው ንጥረ ነገር ቀንሶ ተገኘ። ጉዳዩ ተጣርቶ በ2012 ዓ.ም. ታተመ። እነዚያ እንስሳት ከመርከብ ጩኸት የተነሣ ተጨንቀው ይኖሩ እንደ ነበር የታወቀው፥ ጩኸቱ በድንገት ስለ ቀነሰ ነው።

ኮራል ወይም መርጃን በሚበቅልበት በባሕር ዳርቻ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ሃይድሮፎኑ ከባሕሩ ወለል ታስሮ ብዙ ቀን ይቀመጣል፤ የዓሣውን ማንኳኳትና ማጕረምረም፥ የሽሪምፑንም መንጣጣት ሌሊትና ቀን ይመዘግባል። ጤነኛ ስፍራ ይጮኻል፤ የታመመው ጸጥ ይላል። ገና የተወለዱ የዓሣ ግልገሎችም ቤታቸውን የሚፈልጉት ይህንኑ ጫጫታ እየሰሙ ነው። በ2019 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በአውስትራልያ በታላቁ የመርጃን ዳርቻ ተመራማሪዎች የሞተ መርጃን ባለበት ስፍራ የጤነኛውን ድምፅ በድምፅ ማጕያ ቢያሰሙ፥ ድምፅ ካልተሰማበት ስፍራ ሁለት እጥፍ የሚሆን ዓሣ መጥቶ ሰፈረ። ዳሩ ግን ድምፁ የሞተውን መርጃን አያስነሣም፤ ነዋሪዎቹን ይጠራል እንጂ። ያም ቢሆን የሚጠራበት ድምፅ ሊገኝ የቻለው፥ ስፍራው በደኅንነቱ ዘመን አስቀድሞ የቀረጸው ሰው ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ጭላዳም በዚሁ ጥበብ ተመርምሯል። ቶር በርግማን በ2013 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ጭላዳ ከንፈሩን እያርገበገበ የሚያሰማው አንዱ ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር ይቀራረባል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሞርጋን ጉስቲሰንና ባልንጀሮቿ በሰሜን ተራሮች የተቀረጸውን ድምፅ መርምረው፥ ጭላዳ ብዙ ድምፅ አያይዞ በጮኸ መጠን እያንዳንዱን ድምፅ እንደሚያሳጥር አገኙ። በሰው ቋንቋም ቃሉ በረዘመ ጊዜ ክፍሎቹ ያጥራሉ።

ተመራማሪዎቹ ድምፁን በሥዕል አውርደው ከፍና ዝቅ ማለቱን በዓይን ያነብቡታል። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የዜማ ሊቃውንቶቻችን ይዘትና ደፋት፥ ጭረትና ርክርክ እያሉ የድምፅን መንገድ በቃሉ ራስ ላይ ሲጽፉ ኖረዋልና። ምልክቱ ባይጻፍ ኖሮ ዜማው ከመምህሩ ጋር ወደ መቃብር በወረደ ነበር።

በመንዝ የሚገኘው የጓሣ ሜዳ ለብዙ ዘመን በባላባቶቹ ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ነው። ሣሩ ለክዳን እንዲደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ የመረጣቸው ሹማምንት ካልፈቀዱ በቀር ማጭድ አይገባበትም ነበር። በ1975 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ የቀድሞው ሥርዓት ቆመ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ በዚያ የሚገኙት ስለዚህ ጥበቃ ነው። የአባቶች ሥርዓት ሣሩን ጠበቀ፤ የልጆች ድርሻ ደግሞ ድምፁን በመዝገብ ማኖር ነው።

በችሎት ጽሕፈት ቤት የዋለ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውላል። የድንበር ክርክር በተነሣ ጊዜ ሽማግሌው በሕይወት ሳለ የሰጠው ቃል በመዝገብ ከሰፈረ ነገሩ ይቀልላል፤ ካልሰፈረ ግን የሁለቱም ወገን ልጆች እየማሉ ይካሰሳሉ። ሜዳም እንዲሁ ነው። እርሻ ወደ ላይ በገፋ፥ ምንጭም በደረቀ ጊዜ፥ «ድሮ በዚህ ስፍራ እንዲህ ያለ ወፍ ይጮኽ ነበር» የሚል ሰው ማስረጃ ቢጠየቅ ምን ያቀርባል?

ስለዚህ ለራቤልና ለመንዝ ቤተ ሰቦች፥ ለትምህርት ቤት መምህራንም ይህን እናሳስባለን። መሣሪያው ዛሬ በየኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛል። በየወሩ በአንድ ቀን፥ በማለዳ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ በታወቀ ድንጋይ አጠገብ ቁሞ፥ ሳይነጋገሩ አምስት ደቂቃ መቅረጽ በቂ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን፥ የስፍራውን ስም፥ ዝናም ወይም ጉም መኖሩን በደብተር ይጽፏል። ከዚያም በኋላ አያት ይቀመጡና የተቀረጸውን ሰምተው «ይህ እገሌ የሚባል ወፍ ነው፤ ይህ ውኃው ነው፤ ይህ ጭላዳ ልጇን ስትጠራ ነው» እያሉ ይንገሩ፤ ልጁም ይጻፍ። ቅጂውም በሁለት ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው እንዲቀር።

የአያትየው ጆሮ የሚለየው ብዙ ነውና፥ ይህን ሥራ በሕይወት ሳሉ መጀመር ይገባል።