ከመንገድ በፊት ስለ ማዕድ ማሰብ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው፤ ቀጥሎም ስለ ማደሪያው ያስባል። ስለሚበላው ነገር ግን «ከደረስን በኋላ አይታጣም» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ካሉት የታወቁ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ፥ አስቀድሞ በስልክ ቦታ ያላስያዘውን እንግዳ ከደጅ እንደሚመልሱት የተጓዙ ሁሉ ያውቁታል። ይህ ልማድ ለእኛ አገር ያስፈልጋልን ወይስ አያስፈልግም? ይህን ጥያቄ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንመረምረው ወደድን፤ ለምሳሌም ደብረ ታቦርንና በዙሪያዋ ያለውን የደቡብ ጎንደርን ደጋ መረጥን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የተነሣ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ይደርሳል፤ በዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፥ የፎገራን ሰፊ ሜዳ በስተኋላው ትቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ሲወጣ ከከተማይቱ ይገባል። ከዚያም ወዲያ መንገዱ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ እያሳየ በጋይንትና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። በፎገራ በቅርብ ዘመን የገባው ሩዝ ስለ በዛ ከጤፍ ጋራ ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ በጉና ሥር ግን የደጋው ሰው መመኪያው ገብስና ድንች ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ማዕዱ ሁለት ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው። ከቆላ የለመደውን ምግብ በደጋ፥ ከደጋም የለመደውን በቆላ የሚፈልግ መንገደኛ ሳይጠይቅ ከሄደ የሚያዝነው ስለዚህ ነው።

ይህች ከተማ ስለ እንግዳና ስለ ግብር ብዙ የምታውቅ ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ ከቈረቈሯት ወዲህ የመሳፍንት፥ በኋላም የነገሥታት መቀመጫ ሆና ኖራለች። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ድል ካደረጉ በኋላ፥ በድንኳናቸው ስለ ድሉ ሲደሰቱ የብሩ አሊጋዝ ጦር በድንገት ደርሶ ማረካቸው። ለማዕድም ጊዜ እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አይገኝም።

በዚያ ዘመን ታላቅ ሰው ሲጓዝ መልእክተኛ አስቀድሞ ይሄድ ነበር። የመንግሥት እንግዳ ለሆነ ሰውም፥ ገዢው ባዘዘለት መጠን፥ ከሚያድርበት አገር ባላገር እንጀራና ጠላ፥ በግና ማር ይቀርብለት ነበር። ይህም ድርጎ ይባል ነበር። ድርጎ ለእንግዳው ክብር ነበር፤ ለባላገሩ ግን ሸክም ነበር። እንግዳው ሠራዊት በሆነ ጊዜ ደግሞ ሸክሙ ከሚቻለው በላይ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ካሠሩ በኋላ፥ በ1860 ዓ.ም. ከተማይቱን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ የሠራዊቱ ቀለብ አስቀድሞ የበጌምድርን ገበሬ እጅግ አስጨንቆት ነበር። ሳይጠራ የመጣ ብዙ እንግዳ፥ ንጉሥ እንኳ ቢመራው፥ አገር እንደሚያራቁት ከዚህ እንረዳለን።

ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለአገራችን ሰው የቈየ ልማድ አይደለም። የሰሜንና የበጌምድር መሳፍንት ተወላጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ከፍሎ መብላት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሆኖበት እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያ በፊት የመሸበት መንገደኛ ከሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩንም አጥቦ ቤት ያፈራውን ያቀርብለታል። ይህ ደግ ልማድ በገጠሩ ዛሬም አልጠፋም። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባን፥ ደጉ ባለቤት ለልጆቹ እራት ያሰበውን ለእንግዳው አቅርቦ ምንም ቃል ሳይናገር ሊያድር መቻሉን ነው። እንግዳው ጠግቦ ሲተኛ በጓዳ ማን ጾሙን እንዳደረ አያውቅም።

ወደ ወጥ ቤቱ ገብተን ብናይ ነገሩ ይልቁን ይገለጥልናል። የጤፍ ሊጥ ቦክቶ እንጀራ ለመሆን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈልጋል። ጠላ ከጥንስሱ አንሥቶ እስኪጠራ ድረስ ከሳምንት በላይ ይቈያል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኵርቱን ከመክተፍ፥ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቶ ከማጠብ፥ ቍሌቱንም በዝግታ ከማብሰል የተነሣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በፓሪስ አስቀድሞ የሚያዘው ወንበር ነው፤ በደብረ ታቦር ግን አስቀድሞ የሚያዘው ድስቱ ነው። ሆቴሉ ባዶ ወንበር ሞልቶት ሳለ እንግዳው «ዶሮ አሁን አምጡልኝ» ቢል፥ የሚቀርብለት ወይ ያልበሰለ ወይ የትናንት ይሆናል፤ ጥፋቱም የወጥ ሠሪዋ አይደለም።

የቀን መቍጠሪያውንም ማየት ያስፈልጋል። የከተማይቱ ስም ከታቦር ተራራ የተወሰደ ስለ ሆነ፥ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውን የደብረ ታቦርን በዓል በዚያው በስሙ ከተማ ለማየት የሚመኝ ሰው አለ። መልካም ምኞት ነው፤ ነገር ግን በዓሉ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ለቡሔ ልጆች ሙልሙል ሲታደል ያያል እንጂ ጥብስና ቅቤ የሞላበት ድግስ አያገኝም። ጥር 25 ቀን የመርቆርዮስ በዓል በፈረስ ጉግስ ሲከበር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፍስክ ከሆነ ሥጋው አይታጣም፤ የሚታጣው መኝታና መቀመጫ ነው። በዩኒቨርስቲው የምረቃ ሰሞንም ወላጆች ከየአገሩ ስለሚመጡ እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም፥ በረቡዕና በዓርብ የፍስክ ምግብ የሚፈልግ ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ያለበት ቤተ ሰብ አስቀድሞ ቢያስታውቅ ይሻለዋል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋም የተለያየ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚጓዙ እንደ ሆነ ይህንኑ አስቀድሞ መናገር ከኀፍረት ያድናል።

እንግዲህ ፍርዳችን እንደሚከተለው ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ በአዘቦት ቀን ለሚያልፍ መንገደኛ አስቀድሞ ማዘዝ አያስፈልገውም፤ ሽሮው በምድጃው ላይ ነው፤ እንጀራውም ከመሶቡ አይጠፋም። እንዲህ ያለው መንገደኛ ቢዘገይም በሶውን፥ ቆሎውንና ድርቆሹን ከስንቁ አውጥቶ ይደግፍበታል፤ ይህንንም አባቶቻችን ከቶ አልናቁትም። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚሄድ ቤተ ሰብ ግን፥ በበዓል ቀን የሚደርስም ሁሉ፥ ቢያንስ በዋዜማው በስልክ ይንገር። የገጠር ዘመድ ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ብቻውን ቢሆን እንኳ ሳይልክበት አይሂድ፤ ሲሄድም ቡናና ስኳር ይዞ ይግባ። «ዘመዴ ነው፤ ምን ማስታወቅ ያስፈልጋል» ማለት ዘመድን መውደድ ሳይሆን ጓዳውን አለማሰብ ነው።

አስቀድሞ መናገር ያለውን ያህል ቃልን መጠበቅም አለ። ለአሥር ሰው እንዲሰናዳ አዝዞ በወረታ በልቶ የሚያልፍ ሰው፥ በደብረ ታቦር የታረደውን ዶሮ ነፍስ ሊመልስለት አይችልም። ኪሳራው የሚወድቀው ከማለዳ ጀምራ በጭስ ውስጥ በቆየችው ሴት ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ምግብ የሚያዝ ሰው ቀብድ ቢሰጥ ለሁለቱም ወገን መልካም ነው፤ ባለቤቲቱ ያለ ሥጋት ታሰናዳለች፤ እንግዳውም ቃሉን ያከብራል። መንገድ ቢያሰናክለው አንዲት የስልክ ቃል መላክ ከክብሩ አያጐድልበትም።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ መንገድ የተዘጋበት፥ ስልክም የተቋረጠበት ጊዜ ስላለ፥ ከመነሣት በፊት የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ መሄድ አይገባም። ስለ እራት የሚደረገው ጥያቄ ስለ ሰላምም የሚደረግ ጥያቄ ይሆናል፤ «ነገ ብንመጣ ምን እናገኛለን?» ለሚለው ሰው፥ የሆቴሉ ባለቤት «ነገስ አትምጡ» ሊለው ይችላልና። እንዲህ ያለ መልስ ከብዙ ማዕድ ይበልጣል። እንግዳ ባልመጣበት ወራት ምድጃቸው የቀዘቀዘባቸውን ባለ ምግብ ቤቶችም ማሰብ የወገን ግዴታ ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ አስቀድሞ ደውሎ መሄድ ለእነርሱ ተስፋ ነው።

የአገራችን የእንግዳ አቀባበል በዓለም የተመሰገነ ነው። ምስጋናውን ለማቆየት ግን የተቀባዩ ደግነት ብቻ አይበቃም፤ የእንግዳው አስተዋይነትም ያስፈልጋል። የቤት እመቤቶችም ልጆቻቸውን ለጉዞ ሲያሰናዱ ልብሱንና ስንቁን እንደሚያስቡ ሁሉ፥ «ለምንደርስበት ቤት ተነግሯልን?» ብለው መጠየቅን ቢያስለምዷቸው፥ እነዚህ ልጆች ነገ በማንም ደጅ የተከበሩ እንግዶች ይሆናሉ።