በድሪቶ ላይ የተሰፋ ቃል

ድሪቶ የሚለው ቃል በአገራችን የክብር ቃል አይደለም። ድኻ ልብሱ ያለቀ እንደ ሆነ ቀዳዳውን በእራፊ ይደፍናል፤ እራፊውም በተራው ሲያልቅ ሌላ እራፊ ይደርብበታል፤ እንዲህ እየተደረተ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደ ነበረ እስኪጠፋ ድረስ ይኖራል። መናኝም ይለብሰዋል፤ እርሱ ግን ወድዶ ነው። ወግ ያልያዘ ጽሑፍ ያነበበ ሰው እንኳ «ይህስ ድርሰት ሳይሆን ድሪቶ ነው» ብሎ ይነቅፋል። እንግዲህ አንዲት ሴት በአዳማ ከተማ ተቀምጣ ድሪቶ መሥራትን ሙያዬ ብላ በያዘች ጊዜ ጎረቤቶቿ ቢያዝኑላት የሚያስደንቅ አልነበረም።

ይህች ሴት የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። እናቷ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር መኪና ስትሰፋ ኖረች። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተማይቱ ከሐዲዱ የምትኖር ነበረችና፣ አቡጀዲውም ክሩም መርፌውም ለብዙ ዘመን በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። የተማሪ ደንብ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ ለኀዘን የሚለበስ ጥቁር ቀሚስ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። ከመቀስ የተረፈውን ቍርጥራጭ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጣለችም። በሞተች ጊዜ ከአልጋዋ በታች ሦስት ጆንያ ሙሉ እራፊ ተገኘ። ልጇ ሥራውን የጀመረችው ጆንያዎቹን ለማውጣት ሰው ጠርታ፣ ሰውየው በደጅ እየጠበቀ ሳለ፣ የአንዱን አፍ በፈታች ጊዜ ነው። በውስጡ የራሷን የአንደኛ ክፍል ደንብ ልብስ ቍራጭ አገኘች። ሰውየውም ባዶ እጁን ተመለሰ።

የምትሠራው ድሪቶ የሚለበስ አይደለም፤ ከመጽሐፈ ዳዊት ጥቂት ሰፋ የሚል፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ሦስት ድርብ አለው። በላይ ቍርጥራጩ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ በመካከል ባዘቶ ይነጠፋል፤ በታች አቡጀዲ ይደረግለታል። ባዘቶውን የምትገዛው ፈትል ከሚፈትሉ ሴቶች ነው። እነርሱም ለክር የሚሆነውን ጥጥ በጨርቅ መካከል ልትቀብሪው ነውን እያሉ ይቈጧታል።

ሦስቱን ድርብ አንድ የሚያደርገው ስፌት ነው፤ የሙያውም ምሥጢር በዚህ ላይ ነው። ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ የመኪናውን ፓተንት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1854 አለን ዊልሰን የተባለው ጨርቁን ከሥር ነክሰው ወደ ፊት የሚገፉትን ትንንሽ ጥርሶች አሁን በሚሠሩበት አኳኋን አወጣቸው። እነዚህ ጥርሶች ለልብስ ሰፊ ትልቅ ረድኤት ናቸው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለና የተስተካከለ የሚሆነው በእነርሱ ነውና። ነገር ግን ጨርቁን በአንድ መንገድ ብቻ ይመሩታል። ፊደል ወይም ወፍ ሊሰፋ የሚወድ ሰው ጥርሶቹን ዝቅ አድርጎ፣ ወይም በስስ ብረት ሸፍኖ፣ ጨርቁን በገዛ እጁ መንዳት አለበት። በካህናት ካባና በጃንጥላ ከፋይ ላይ ጥልፍ የሚጠልፉ ባለ ሙያዎች ይህን ያውቃሉ፤ መስቀሉንና አበባውን ቅርንጫፉንም የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። መርፌዋ በአንድ ስፍራ ቆማ ትወጣለች ትወርዳለች፤ ጨርቁ ግን ከበታቿ እንደ ልቡ ይሄዳል። ብዕር ቆሞ ብራናው ተንቀሳቀሰ እንደ ማለት ነው።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። እጅ ፈጥኖ እግር የዘገየ እንደ ሆነ ስፌቱ ረጅምና ልል ይሆናል፤ እግር ፈጥኖ እጅ የዘገየ እንደ ሆነ ክሩ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ይቋጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይበጠሳል። ሴትዮዋ ይህን እስክትለምድ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል። በዚያ ክረምት የሰበረችው መርፌ እናቷ በዘመኗ ሁሉ ከሰበረችው ይበልጣል ትላለች። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪናም ሞክራ ነበር፤ ነገር ግን መብራቱ ሲሄድ ወፏ ያለ ክንፍ ቀረችና ወደ እናቷ ሲንጀር ተመለሰች።

ለምልክት የሚሆን ነገር በዚያ አገር አይጠፋም። በከተማይቱ አጠገብ ባለው ሸንተረር ላይ የንፋስ ኃይል የሚሰበስቡ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ 34፣ በሁለተኛውም 102 ተተክለዋል። እነዚህን ስትሰፋ ሦስቱን ክንፍ በአንድ ክር ሳታነሣ ትጨርሳቸዋለች። የወንጂ ሸንኮራ አለ፤ የዝዋይ ሐይቅ ታንኳ አለ፤ በአብያታ ዳር የሚቆሙት እግረ ረጃጅም ፍላሚንጎዎች አሉ። ግራርን ግን ብዙ ጊዜ ሞክራ ተወችው። እሾሁ በክር ሲሠራ ጸጕር ይመስላል።

ከምልክቱ ሁሉ የሚያስቸግረው ግን ፊደል ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች አንዱን ከአንዱ ጋር አያይዘው ይጽፋሉና ክሩ ከቃሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይሄድላቸዋል። በኦሮምኛ «በገ ነጋን ዹፍተን» የሚል የእንግዳ መቀበያ የሚያዟት ደንበኞች አሉ፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ ይህን በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ የሚኖር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ክሩን መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ክር በበዛ ቍጥር ቋጠሮ ይበዛል፤ ቋጠሮ የበዛበት ድሪቶም ከጀርባው ሲታይ ኵርንችት የወረሰው እርሻ ይመስላል። ሴትዮዋ ብዙ ከደከመች በኋላ መፍትሔውን ያገኘችው ከብራና መጻሕፍት ነው። ጸሐፍት በገጹ ራስ ላይ የሚሥሉት፣ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ ሐረግ ይባላል። እርሷም ከፊደል ወደ ፊደል የሚሻገረውን ክር በሐረግ አምሳል ከፊደሎቹ እግር ሥር እያዞረች አሳለፈችው። በቃልና በቃል መካከል ደግሞ የቀድሞ ሰዎች ያኖሩት የነበረውን ሁለት ነጥብ መለሰች፤ ክሩ የሚቋጠረውና የሚቈረጠው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው። የዛሬ ማተሚያ ቤቶች ሁለት ነጥብን ትተውታል፤ ለመርፌ ግን ማረፊያ ሆኗታል።

የከተማይቱንም ስም እንድትሰፋ የሚያዟት አሉ። በዕድሜ የገፉት ናዝሬት ይላሉ፤ ይህ ስም የወጣላት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ ልጆቻቸው ግን በ1992 ዓ.ም. በይፋ የተመለሰውን አዳማ የሚለውን የጥንት ስሟን ይላሉ። እርሷ ለሁሉም እንዳዘዘው ትሰፋለታለች። በመርፌ በኩል ከሆነ አዳማ ይቀላል፤ ናዝሬት የሬ ቀለበት አለባትና።

አንዲት አረጋዊት ጎረቤት ሥራዋን ባዩ ጊዜ ክታብ መስሏቸው አማተቡ። አልተሳሳቱም ለማለት አይቻልም፤ ክታብም ቃል ነው፣ ክታብም ይሰፋል። ነገር ግን በክታብ ስፌቱ የሚያገለግለው ቃሉን በቁርበት ውስጥ ለመሸሸግ ነው፤ በዚህኛው ቃሉ ራሱ ስፌቱ ነው።

በዓለም ከታወቁት እንዲህ ካሉት ጨርቆች አንዱ የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሥራ ነው። ሃሪየት ፓወርስ ትባላለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 በጆርጂያ አገር በባርነት ተወለደች፤ ነጻ ከወጣች በኋላ በእራፊ ጨርቅ የአዳምንና የሔዋንን፣ የቃየልንና የአቤልን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ የጌታን ጥምቀትና ስቅለት፣ ይሁዳንም ከሠላሳ ብሩ ጋር በ11 ክፍል አድርጋ ሠራች። ጨርቁ በ1886 በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርኢት ላይ ታየ። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትለምናት እምቢ አለች፤ ከዓመታት በኋላ ግን ችግር በጸናባት ጊዜ በ10 ዶላር ልትሸጠው አቀረበችው፤ የተከፈላት 5 ዶላር ነው። ከሸጠችውም በኋላ ጨርቋን ለማየት ደጋግማ ወደ ገዢዋ ቤት ትሄድ ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል። በጨርቁ ላይ ግን አንድም ቃል አልሰፋችም፤ የሥዕሎቹን ትርጓሜ በአፏ ስትነግር ወረቀት ላይ ያሰፈረችው ያችው ገዢዋ ናት። ጨርቁን ያየ ሁሉ ታሪኩን የሚያነበው በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ነው።

የአዳማይቱ ሴት ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። እናቷ የተወችላት ሥዕል ሳይሆን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እርሱም ሁለት ቃል ብቻ።

እናትየው ፊደል የቈጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ትሄድ ነበር። ማንበብ የቻለች ዕለት ለራሷ አንድ ነገር አሰበች፤ በምትሰፋው የትራስ ልብስ ላይ ከአበባው ሥር ቃል ልትጨምርበት። በቡናማ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፈችው፤ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አድርጋ በመርፌ እየበሳች ትገለብጠው ጀመር። የጻፈችውም «ሰለም እደሩ» ነው። ሰላም ማለቷ ነበር፤ የላን ቀኝ እግር ማስረዘም ግን ረሳች። ትራሱ ተወደደ። ለሞጆም ለዝዋይም እየታዘዘ ሄደ። ስንት ቤት ሰው በሰለም እንዳደረ የሚያውቅ የለም።

ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ በትምህርት ቤት ንባቧ የሚመሰገን ሆና ሳለ፣ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ደንበኛ ቆማ ትራሱን ስታይ፣ ጮክ ብላ፣ «እማዬ፣ ይህ እኮ ሰለም ነው እንጂ ሰላም አይደለም!» አለች። ደንበኛይቱ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እናትየው ትራሱን አጠፈችና፣ «እስካሁን በእርሱ ተኝቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አልመጣብኝም» ብላ አብራ ሳቀች። ከዚያች ቀን በኋላ ግን በሠራችው ትራስ ሁሉ ላይ አበባ ብቻ ነበረ። የደንበኛ ስም በደብተር መጻፍ ሲያስፈልግም ልጇን ትጠራ ጀመር። ልጅቱም በመጠራቷ ትኰራ ነበር፤ ለምን እንደ ተጠራች የገባት ብዙ ቈይቶ ነው።

ወረቀቱ የተገኘው በሲንጀሩ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመርፌ ማኖሪያው በታች ነው። ሴትዮዋ ከአንደኛ ክፍል ደንብ ልብሷ ቍራጭና ከእናቷ ጥቁር ቀሚስ ድሪቶ አጋጥማ፣ በመካከሉ ነጭ አቡጀዲ አድርጋ፣ ሁለቱን ቃል ልትሰፋበት ቈረጠች። በመጀመሪያው ቀን ላን አስተካክላ ሰፋችው። ሌላው ፊደል ሁሉ እናቷ እንደ ጻፈችው ትንሽ ያዘመመ ነው፤ ይህ አንዱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ማታ ላይ ስታየው፣ በቃሉ መካከል የቆመችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ መስላ ታየቻት። በማግስቱ የቀኙን እግር ክር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ነቅላ አወጣችው።

ጨርቁን በመስኮት ሰቅላው ሳለ በሰፈሩ ለሕፃናት ፊደል የሚያስቈጥሩ መሪጌታ ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ጽሑፍ ያየ ሰው ማንበቡ አይቀርምና አነበቡት።

«ሰለም ይላል፤ ልጄ» አሏት።

«አዎን፣ የኔታ።»

ቀርበው ከብርሃኑ ጋር አስተያዩት፤ ከለ ቀኝ እግር ሥር ክሩ የወጣበትን የመርፌ ቀዳዳ አዩ።

«ታርሞ ነበርሳ! ምነው አፈረስሽው? በብራናም እኮ ስሕተት ሲገኝ በምላጭ ይፋቃል። መጽሐፍ ሲሸጥም የቀድሞው ባለቤት ስም ከጸሎቱ መካከል ተፍቆ የገዢው ይገባበታል። ብቻ የተፋቀው ፈጽሞ አይጠፋም፤ ወደ ፀሐይ ቢይዙት ይታያል።»

«አንድ ጊዜ አርሜዋለሁ፤ የኔታ። በሕይወት ሳለች።»

መሪጌታው የማን ነገር እንደ ሆነ አልጠየቁም። የበረንዳውን ልብስ ሰፊ ያውቋት ነበርና።

ቀዳዳውን ለመዝጋት የሚሆን ዘዴ አለ፤ አቡጀዲ ጥጥ ስለ ሆነ በውሃ አርሶ በጥፍር ቢያሹት ፈትሉ ወደ ስፍራው ይመለሳል። ይህን ዘዴ ለሴትዮዋ ያስተማረቻት እናቷ ናት። ጨርቁ ግን ውሃ ሳይነካው በመስኮቱ እንደ ተሰቀለ ነው። መሪጌታውም ቀሚሳቸው እስኪያልቅ ድረስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀዳዳዎቹን ቈጠሩ፤ ዘጠኝ ነበሩ።