ከዜሮ ኪሎ ሜትር እስከ ናይሮቢ

ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁት። የአርሰናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን አሰላለፍ ከበረኛው እስከ አጥቂው ሳይሳሳት ይዘረዝርልዎታል። ቀጥለው «ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው መቼ ነው?» ይበሉት። ዝም ካለ አይፍረዱበት፤ ያሳየው ሰው የለም። ይህ ጽሑፍ ለእርስዎና ለእሱ የተዘጋጀ የአንድ ጉዞ ዕቅድ ነው። ጉዞው የሚያበቃው ናይሮቢ ነው፤ የሚጀምረው ግን ፒያሳ።

ዋንጫው ደጃችን ደርሷል

በእኛ 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ 2027 የሚካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ ያዘጋጃሉ። ሦስቱ አገሮች ለዝግጅቱ ሲወዳደሩ «ፓሞጃ» የሚል ስም ነበር የመረጡት፤ በስዋሂሊ «አብረን» እንደማለት ነው። አገራችን ይህን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ1968 እና በ1976 አስተናግዳለች። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ውድድሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሶ አያውቅም።

ውድድሩ ሰኔና ሐምሌ ላይ እንዲካሄድ ነው የታቀደው። ጊዜው የትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይመቻል። የሰዓት ልዩነትም የለም፤ የናይሮቢ ሰዓት ያው የእኛ ሰዓት ነው። እንደ አሜሪካና እንደ ብራዚል ውድድሮች እኩለ ሌሊት ላይ ዓይን እያሹ መነሳት አይኖርም።

ሌላም ምክንያት አለ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲያደርጉ ከርመዋል። ዛሬ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ብሔራዊ ቡድኑን አንድም ቀን ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ጮሆ ደግፎ ላያውቅ ይችላል። የአህጉሩን ትልቅ ኳስ በዓይኑ የሚያይበት ቅርብ ከተማ አሁን ናይሮቢ ሊሆን ነው።

መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ በአራዳ

ደጋፊነት በማሊያ አይጀመርም። የሚደግፉት ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቀድማል። ስለዚህ ፓስፖርት ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዘው ወደ ፒያሳ ይምጡ።

ከአጼ ምኒልክ ሐውልት ይጀምሩ። ከአጠገቡ ያለው ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ታቦቱም ወደ ዓድዋ ዘምቷል። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ ስሙን የወሰዱት ከዚሁ ደብር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ተወለደ። ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ለክለቡ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ሆነዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ድረስም በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ናይሮቢ ሄደው የሚያዩት ውድድር አንድ ሥሩ እዚህ ደብር ጥላ ሥር ነው ብለው ለልጅዎ ቢነግሩት ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወደ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ይሻገሩ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ሕዝቡ የሚያውቀው «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» በሚለው ስሙ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚወጡ መንገዶች ርቀት የሚቆጠረው ከዚህ አካባቢ ነውና። ልጅዎ እዚህ ቆሞ «ናይሮቢ ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በሞያሌ በኩል 1,500 ገደማ ነው።

ሲደክማችሁ ቶሞካ ገብታችሁ እንደ ደንቡ ቆማችሁ ማኪያቶ ጠጡ፤ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረ ነው። ወይም እቴጌ ጣይቱ ሆቴል አረፍ በሉ። ከዚያ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወርዳችሁ ለገሃር ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም እዚያ ነው። ከውጭ ብታዩትም ይበቃል። ታሪኩን እርስዎ ይንገሩ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ በፍጻሜው ከግብፅ ጋር ገጠመች። ሁለት ጊዜ ተመራች፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነች። ግርማ ተክሌ የመጀመሪያዋን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን አገቡ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን ጨመረ፤ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በአራተኛዋ ጨዋታውን ዘጋው። 4 ለ 2። ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት አጼ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ አሠልጣኙም እነዚያው የአራዳው ይድነቃቸው። ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ብቸኛችን ነው።

ሰፈር ሲበተን እቁብ ይሰበስባል

ወደ ፒያሳ ከመጡ ከቆዩ አካባቢው ግር ይልዎታል። እኔ ያደግሁበት ዶሮ ማነቂያም፣ ጎረቤታችን እሪ በከንቱም ዛሬ በቦታቸው የሉም። በ2016 ዓ.ም. ቤቶቹ ተነሥተው መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መንገዱና መብራቱ አምሯል። እኛ ግን አሥር ብር ከፍለን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ሆነን የአፍሪካ ዋንጫን ያየንበት የዲኤስቲቪ ቤትም አብሮ ሄዷል። ጎረቤቶቻችን ከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትነዋል። አንዱ ከአንዱ ለመገናኘት ሁለት ታክሲ ይይዛል።

ኳስ ብቻውን አይታይም። ጎል ሲገባ የሚያቅፉት ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት እኛ የድሮ ጎረቤታሞች አሥራ አንድ ሆነን የናይሮቢ እቁብ ጀምረናል። ቁጥሩ በአጋጣሚ የአንድ ቡድን ያህል ሆነ። በወር አንድ ጊዜ ፒያሳ እንገናኛለን፣ ዕጣ ይወጣል፣ ቡና ይጠጣል። የደረሰው ሰው ገንዘቡን ለጉዞው ብቻ እንዲያውለው ተማምነናል። በሥራዬ በጀት ማውጣት ልማዴ ስለሆነ ሠንጠረዡን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ዳኛው ግን ሁላችንንም በልጅነታችን በጆሯችን ይዘው ያሳደጉን ጋሼ ናቸው። አንድ ወር ያዘገየ ሰው ሲኖር «አንተ ልጅ፣ ኳሱ ተጀምሮ ነው የምትገባው?» ይላሉ። ገንዘቡ በሰዓቱ ይገባል።

እርስዎም ይሞክሩት። የቀድሞ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የልጆችዎ ጓደኞች ወላጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ከባድ ነው፤ ሲከፋፈል ግን ይቻላል።

ዕቅዱን በአራት ይክፈሉት

አንደኛው ሰነድ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ወረፋው ስለሚረዝም ቀድመው ያመልክቱ። ኬንያ ለመግባት ኤምባሲ በር ላይ ለቪዛ መሰለፍ የለብንም። ወደ ኡጋንዳ ወይም ታንዛኒያ መሻገር ካሰቡ ግን የመግቢያ ደንባቸውን ያጣሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን የጽሑፍ ስምምነት ማዘጋጀት አይከፋም።

ሁለተኛው የስታዲየም ትኬት ነው። ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 የቻን ውድድርን በጋራ ሲያዘጋጁ የፍጻሜው ጨዋታ በናይሮቢው ካሳራኒ ስታዲየም ተካሂዷል። የሕዝቡ ብዛት በር ላይ ችግር ፈጥሮ ስለነበር ትኬት በኤሌክትሮኒክስ ብቻ እስከመሸጥ ተደርሷል። ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ ይዞ ትኬት ከበር ላይ አገኛለሁ ብሎ መሄድ እንደማያዋጣ ነው። ይፋዊው ሽያጭ እንደተከፈተ ይግዙ።

ሦስተኛው መንገድ ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመኪና ከሆነ በሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎና ሞያሌ አድርገው በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ ይገባሉ፤ ቢያንስ ሦስት ቀን ይመድቡ፣ የየአካባቢውን ጸጥታም ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርትና የጉዞ ትኬት ስለሚጠየቁ ለመጨረሻው ቀን አያቆዩት።

አራተኛው ማደሪያ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እንጀራ አይጠፋም። ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ካለዎት ከአሁኑ ይደውሉ። ለልጆቹ ሹራብ አይርሱ፤ ሰኔና ሐምሌ ናይሮቢም ይቀዘቅዛል።

ዋልያዎቹ ባያልፉስ?

ይህን ጥያቄ በእቁባችን ውስጥ ያልጠየቀ የለም። ማንም ዋስትና አይሰጥም። ከሊቢያው የ1982 ውድድር በኋላ ወደ መድረኩ የተመለስነው በ31 ዓመታችን ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን አለፍን። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ኔልስፕሩት ጎረፉ፤ ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለበሱት። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው፣ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ዋንጫውን ያነሳንበት ዕለት ልክ 51ኛ ዓመቱ።

ከምድባችን አላለፍንም። እዚያ የነበሩ ሰዎች ግን ዛሬም የሚያወሩት ስለ አዳነ ጎል ነው። ማን አጠገባቸው እንደቆመ፣ ማን እንዳለቀሰ ያስታውሳሉ።

ዋልያዎቹ ካለፉ የሚጮህላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ካላለፉም ልጅዎ ትልቅ ስታዲየም ውስጥ ተቀምጦ ጎረቤቶቻችን እንዴት እንዳዘጋጁት ያያል፤ «የእኛስ መቼ ነው?» ብሎም ይጠይቃል። ያን ጥያቄ ከቴሌቪዥን ፊት ከሚጠይቀው እዚያ ሆኖ ቢጠይቀው ይሻላል። ስለዚህ የሚያምኗቸውን አሥር ሰዎች ይምረጡ፣ ዳኛ ይሰይሙ፣ የመጀመሪያው ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ይቁረጡ። የመሰብሰቢያው ቦታ ከጠፋዎት ፒያሳ ይምጡ፤ ቡናው አሁንም አለ።