ጀርባህን ለመሬት አትስጥ

እኔ ባደግሁበት የጎጃም ገጠር የትግል ሕጉ አጭር ነበር። ሁለት እረኞች ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን ጠልፎ ይጥላል፤ የወደቀው ጀርባው መሬት ከነካ ነገሩ አለቀ። ጣለው ይባላል፣ ይሳቃል፣ የወደቀውም አቧራውን አራግፎ ከብቱን ፍለጋ ይሄዳል። በኋላ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንኳ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ተረት ሲነሣ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ሜዳ ነበር።

መሬት ላይ ከወደቁ በኋላ የሚጀመር ትግል መኖሩን የሰማሁት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም ነው። የእህቴ ልጅ በአንድ የምሽት ጠብ በወረወረው ጠርሙስ የሰው ፊት ቆርጦ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ አላስተባብልለትም። እናቱ ግን «እኔ ወንበዴ አልወለድኩም» ብላ አልጠይቅም አለች። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ተሰልፌ፣ ተፈትሼ፣ የያዝኩትን ወጥ ቀምሼ እገባለሁ። አጥር በመካከላችን አድርገን፣ ግራና ቀኝ ከሚጮኸው ጠያቂ ጋር ድምፅ እየተሻማን እናወራለን።

ታዲያ የምለው ይጠፋኝ ነበር። ስንት ዓመት ስለ ቃል ያስተማረ ሰው አጥር ሥር ቆሞ ቃል ያጣል። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ «አይዞህ፣ ያልፋል» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሃፍ ጋርድ ያውቃሉ?» አለኝ።

«የምን ዘበኛ ነው ደግሞ?» አልኩና በሥጋት ወደ ጠባቂው ዞር አልኩ።

ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካ ከመታሰሩ በፊት ከውጭ ከመጣ ጓደኛው ጋር የብራዚል ጁጂትሱ የሚባል ትግል ይለማመድ ኖሯል። ቡጢና ርግጫ የለበትም፤ አንገት በማነቅና መገጣጠሚያ በመጠምዘዝ እጅ የሚያሰጡበት ትግል ነው። የቀኝ እጁን አንድ ጣት በግራው ሁለት ጣቶች መካከል ቆልፎ አሳየኝ።

«ይሄ ከላይ የተጫነኝ ሰውዬ አንድ እግር ነው። እነዚህ ሁለቱ የእኔ እግሮች ናቸው። ይህችን እግሩን ካስለቀቀ አለፈኝ፤ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። እስከያዝኳት ድረስ ግን አላለፈም።»

«አንተስ?»

«እኔም አልተነሣሁም። ግን በጀርባዬ መዘርጋት የለብኝም፤ በጎኔ ነው የምሆነው። ከዚያ ክንዴን በብብቱ ሥር አስገባለሁ። ክንዴ ከገባ መነሣት ይቻላል።»

ቤቴ ገብቼ ስለ ነገሩ አነበብኩ። በውድድር ከላይ ያለው እግሩን አስለቅቆ ካለፈ 3 ነጥብ ያገኛል፤ ከሥር ያለው ገልብጦት ከላይ ከሆነ 2 ነጥብ። ቀድሞ ይህ አያያዝ የመሸነፊያ ዋዜማ ተደርጎ ነበር የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ጎርዶ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ብራዚላዊው ሮቤርቶ ኮሬያ ጉልበቱን ተጎዳ። እንደ ጤነኛው በሁለቱም እግሮቹ መከላከል ሲያቅተው፣ ከተናቀው ቦታ ላይ ሆኖ ሰው የሚገለብጥበትን መንገድ አበጀ።

የድሮውን ከርቸሌ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ይለው ነበር። እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ በ2004 ዓ.ም ተመረቀ። ያንን ስም ሳስበው በጀርባ መዘርጋት ማለት ይመስለኛል። የእህቴ ልጅ ግን በጎኑ ነበር። እዚያው የእንጨት ሥራ ተማረ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጠባዩም የታረመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ እሱም ሁለቱን ዓመት ጨርሶ በ2008 ዓ.ም ወጣ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረው ተስማማና ዋስ አምጣ አለው። ወደ እኔ መጣ። ወደ ማን ይሂድ? «አስብበታለሁ» አልኩት። ሁለት ሳምንት አሰብኩ! ደመወዜን አሰብኩ፣ ስሜን አሰብኩ፣ ያንን ጠርሙስ አሰብኩ። ሲደውል ስልኩን ማንሣት አቆምኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ስንቅ የማደርስበት ሰዓት ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ እነዚያ ጣቶቹ ትዝ አሉኝ። ለካ ከላይ የተጫነው ሰውዬ እኔ ነኝ። ልጁ አንድ እግሬን ይዟል፤ እኔ ደግሞ አስለቅቄ ለማለፍ እየታገልኩ ነው። ስንቅ ማቀበል ቀላል ነበር፤ አጥር ነበረና። ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ብሎ ቆጥሮ ፈረደ። እኛ ዘመዶቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ቀጣሪዎቹ የምንፈርደው ፍርድ ግን ቁጥር የለውም፤ አመክሮም የለውም።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ ፈረምኩ። ዘገየህ አላለኝም። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብቻ ብሎ መሮውን አነሣ።

መጀመሪያ ለራሱ የሠራው ዕቃ ለእናቱ ያበረከተው በርጩማ ነው። ተቀብላዋለች። እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ታስቀምጥበታለች እንጂ እሷ ስትቀመጥበት አላየሁም። አውጥታም አልጣለችውም። ልጁን «እናትህ ምን አለች?» ብዬ ብጠይቀው ሁለት ጣቶቹን በአንዱ ጣቱ ላይ ቆልፎ አሳየኝ።